ዘመድ የሚያውቀው ቫይረስ

የዓለም ጠበብት ነጭ ካፖርት ለብሰው፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው ያላገኙትን ነገር እኛ ደሴ ላይ ገና አቦሉ ሳይጠጣ ደርሰንበታል፤ ኮሮና ዘመድ ያውቃል። ከሰው ዘመድ ጋር ከአውሮፕላን ይወርዳል፤ ከኛ ዘመድ ጋር ግን ከነጭራሹ አይሳፈርም። ለዚህ ታላቅ ግኝት የወጣው ወጪ አንድ ጀበና ቡናና አንድ እፍኝ ቆሎ ብቻ ነው። እስካሁን ሽልማት ያላገኘነው ማመልከቻ ስላላስገባን ይመስለኛል።

ምርምራችን የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ያን ዕለት በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ሰውየው ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነው ሲባል የሰፈራችን ሰው ደረቱን ነፋ አድርጎ ተነፈሰ። ጃፓን ዘመድ የለንም። ቡርኪና ፋሶ የት እንደሆነች ለማወቅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ተጠራ፤ እሱም ትምህርት ቤት በዚያው ሰሞን ስለተዘጋ ነፃ ነበርና መጥቶ «ሩቅ ነው» አለን። በቃ፣ ተዘጋ። በሽታው የሰው ነው።

ከዚያ መንግሥት ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በራሱ ወጪ 14 ቀን ሆቴል ውስጥ ተለይቶ እንዲቆይ ደነገገ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ይህን ሕግ እንደኛ በፍቅር የተቀበለው የለም። ባለ ሱቁ ጎረቤታችን «14 ቀን ምን ትሆናለች? 21 ይሁን እንጂ!» አለ። አጠገቡ የተቀመጡት አዛውንት 40 አሉ። ሽማግሌው ሳያውቁት ልክ ነበሩ፤ ኳራንቲን የሚለው ቃል ራሱ የመጣው የቬኒስ ሰዎች መርከበኛን ወደብ ላይ 40 ቀን ያቆዩ ከነበረበት ዘመን ነው። ወዲያው ጨረታ የሚመስል ነገር ሆነና፣ ያ የማናውቀው መንገደኛ በኛ ቡና ላይ ሦስት ወር ሊፈረድበት ጥቂት ሲቀረው በረካው ደረሰ።

በሳምንቱ የባለ ሱቁ የወንድም ልጅ ከቤይሩት ልትገባ ነው ተባለ። ያ የ21 ቀን ሰው በአንድ ሌሊት የሕግ ሊቅ ሆኖ አደረ። «ልጅቱ እኮ ጤነኛ ናት፤ በስልክ ድምጿን ሰምቻለሁ» አለ። ስልክ በደወልን ቁጥር ከጥሪው በፊት እጃችሁን ታጠቡ ይለን የነበረው መልእክት እንኳ ይህን የምርመራ ዘዴ አላወቀውም። ፒሲአር ከአፍንጫ ናሙና ወስዶ ስንት ሰዓት ያስጠብቃል፤ ወሎዬ ግን «ሃሎ» ባልሽው ድምፅ ብቻ ሳንባሽን ያነበዋል።

በዚያው ሰሞን ከሳዑዲ ዓረቢያ ወገኖቻችን በሺዎች እየተጫኑ ይመለሱ ነበር። ወሎ ደግሞ ልጁን ዓረብ አገር ያልላከ ቤት ተፈልጎ የሚገኝበት አገር አይደለም። ቦሌ የወረደው ወረደ፤ በጂቡቲ የዞረው በጋላፊ፣ በሚሌ አድርጎ ባቲ ብቅ አለ። እዚህ ላይ የሰፈራችንን የመረጃ ችሎታ ሳላወድስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የጤና ባለሙያዎች ንክኪ ያለውን ሰው ለመለየት ቅጽ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። የኛዋ እትዬ ግን ከደጃፏ ሳትነሳ ትጨርሰዋለች። በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ በፕላስተር የታሰረ ሻንጣ በሌሊት ሲገባ አየች፤ ጠዋት አጥር ላይ አበባ ያለው ወፍራም የዓረብ አገር ብርድ ልብስ ተሰጣ፤ ከሰዓት በኋላ የቤቱ ሕፃን የማናውቀውን ከረሜላ እየላሰ ወጣ። «እዚያ ቤት ሰው ገብቷል» ትላለች። በነገታው የቀበሌ ሰው ሲመጣ የቤቱ ባለቤት በሩ ላይ ቆሞ «ወላሂ የመጣ የለም» ይላል፤ ከኋላው አጥሩ ላይ ትኩስ የበግ ቆዳ ተወጥሯል። ደሴ እኮ ሳላይሽ የሚባል ሰፈር ያላት ከተማ ናት። ያን ሰሞን ከተማው በሙሉ ሳላይሽ ሆኖ ነበር።

ጠቋሚዋ እትዬ ስለ ሕዝብ ጤና ያላት ቅንዓት እጅግ የሚደነቅ ነው፤ የራሷ ልጅ ከጅዳ እስኪገባ ድረስ አልበረደም።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መጨባበጥ ተከለከለ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ ተሽከርካሪ በግማሽ ይጫን ተባለ። ሕግ አክባሪዎች ነንና ሁሉንም ፈጽመናል። መጨባበጥ አቆምን፤ በምትኩ ተቃቀፍን፣ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት ጊዜ ተሳሳምን። አዋጁን ያነበብነው «መጨባበጥ» የሚለው ቃል ድረስ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን እንግዳ ስለመጣብን አልጨረስነውም። መሰብሰቡንም ቢሆን በአንድ ሳሎን ውስጥ አራት አራት ሆነን በሦስት ረድፍ ተቀመጥን። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደው መኪና ኬላው ላይ ግማሽ ነበር፤ ሐረጎን ሲዞር ሞላ። ያልሞላው የኛ ኪስ ብቻ ነው፤ ታሪፉ እጥፍ እንደሆነ ቀረ።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11፣ ኢድ ደግሞ ግንቦት 16 ዋለ። ሌላ አገር ቫይረስ አንድ በዓል አክብሮ ይሄዳል። ወሎ ላይ ግን አጎት ክርስቲያን፣ የአጎት ልጅ ሙስሊም ነው፤ ዶሮውንም ሾርባውንም የምንበላው በአንድ ማዕድ ነው። ቫይረሱ ሁለት ጊዜ ተጋብዞ ሁለት ጊዜ ተመረቀ። ዱአውም ጸሎቱም ከልብ ነበር፤ በዚህ አልቀልድም። የምቀልደው ለዱአው ስንሰበሰብ በአንድ ሲኒ ለአምስት መጠጣታችን ላይ ነው።

ትላልቆቹ የ1911ዱን የኅዳር በሽታ ያነሡ ነበር፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው ከዚያ ጋር እየተያያዘ ሲነገር የኖረ ልማድ ነው። እነሱ ሰው መለየትን ወሸባ ይሉ እንደነበርም አስታወሱን። እኛም ከአያቶቻችን ጢሱን ወረስን፣ ወሸባውን ተውነው። ጢስ ዘመድ አያስቀይምም።

ቀጥሎ ዝርያዎቹ መጡ፤ ዕውቀታችንም የጎመራው ያኔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በተገኘበት አገር ስም ሲጠራ ሕዝብ ይሰደባል ብሎ በግንቦት 2013 ዝርያዎቹን በግሪክ ፊደል ሰየማቸው፤ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታ። እኛ ይህን አልተቀበልነውም። በሽታ አገር ከሌለው የማን ዘመድ እንዳመጣው በምን ይታወቃል? ስለዚህ «የእንግሊዙ»፣ «የደቡብ አፍሪካው»፣ «የህንዱ» እያልን ቀጠልን። ለእያንዳንዱም መድኃኒቱን ለየን፤ የመጀመሪያው በነጭ ሽንኩርት ይበረግጋል፣ የእንግሊዙ ፌጦ በሎሚ ይፈልጋል፣ የህንዱ ግን ቅመም የለመደ ስለሆነ ዝንጅብል አይበግረውም፤ ዳማከሴ ነው። ነጭ ሽንኩርት ነጋዴው ብቻ ለሁሉም ዝርያ እኩል አክብሮት ነበረው።

ዝርያ እንዴት እንደሚወለድ ያስረዳን ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። አንድ የጤና መኮንን ጓደኛዬ ጫት ላይ ሞክሮ ነበር። ቫይረስ ሰው አካል ውስጥ ሲገባ ራሱን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ እንደ ሰነፍ የቁርኣን ደረሳ ሉሁ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ ፊደል ይስታል፤ አብዛኛው ስህተት የትም አያደርስም፣ አንዳንዱ ግን ከበፊቱ የፈጠነ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ብዙ ቤት በገባ ቁጥር ብዙ ይገለብጣል፣ ብዙ ይስታል አለ። ሁላችንም በአድናቆት ራሳችንን ነቀነቅን። ከዚያ አንዱ ጠየቀው፤ «ታዲያ ይሄ ህንዱ፣ በየትኛው ሰው በኩል ነው የገባው?»

እንዲህ ስል ግን ወሎ ብቻዋን የደረሰችበት ጥበብ እንዳይመስላችሁ። ታላላቆቹ መንግሥታትም ደጅ ጠንተው ከኛ የተማሩ ይመስለኛል። እንግሊዝ በመጋቢት 2013 ኢትዮጵያን ቀይ መዝገብ ውስጥ አስገባች፤ ከዚህ የሚሄድ ነዋሪዋ 10 ሌሊት ሆቴል ተቆልፎበት 1,750 ፓውንድ ይከፍላል። ዜናው ፒያሳ ሲደርስ የነበረውን ቁጣ ባያችሁ! ለማያውቁት መንገደኛ 40 ቀን የፈረዱት አዛውንት «እንዴት ይንቁናል! እኛን እንደ በሽተኛ!» ብለው ምርኩዛቸውን ከመሬት አጋጩት። በዚያው ዓመት ክረምት ሳዑዲም ዜጎቿ ወደኛ እንዳይመጡ ከለከለች። እኛ የሳዑዲን ተመላሽ በጓዳ ስንደብቅ፣ ሳዑዲ ከኛ ትደበቃለች፤ ቫይረሱ መሀል ላይ ቆሞ ማንን ይዘመድ?

ኅዳር 2014 ላይ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች አዲስ ዝርያ አገኘን ብለው ሳይደብቁ ለዓለም ተናገሩ። ዓለምም ስለ ታማኝነታቸው በረራ በመዝጋት አመሰገነቻቸው። ቆይቶ ኔዘርላንድ ውስጥ አስቀድሞ የተወሰደ ናሙና ሲታይ ያው ኦሚክሮን እዚያው ተቀምጦ ኖሯል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላል የኛ ሰው። ያቺ እትዬ ብትሰማ ኖሮ «እኔስ ቢሆን መች አጥሬን አየሁ» ትል ነበር፤ ኧረ አትልም።

በዚያ ወር ስለ ኦሚክሮን እኛ ምን እንዳልን የምነግራችሁ ነገር የለኝም። ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ውስጥ ነበሩ። የሸሸነው ሸሽተን፣ ሰው ቤትና ትምህርት ቤት ወለል ላይ ተኝተን ነበር። የተቀበሉን ሰዎች ከየት መጣችሁ ሲሉን ስለ 14 ቀን አልጠየቁንም። እንጀራ ነው ያቀረቡልን።

ወደ ቡናችን እንመለስና፣ የራሴን ቤት ሳልናገር የሰው አጥር ብቻ ሳሳይ ብውል እኔም ያቺን እትዬ ሆንኩ ማለት ነው።

በ2012 ክረምት እህቴ ከጅዳ ገባች። እንደ ሰው ልጅ በሌሊት አልገባችም፤ በጠራራ ፀሐይ ማስኳን አድርጋ፣ በሩ ላይ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ «እንዳትነኩኝ፤ ጓዳዋን ክፈቱልኝ፣ 14 ቀን ለብቻዬ ነኝ» አለች። እናቴ እጇን እንደዘረጋች ደርቃ ቀረች። ስድስት ዓመት ጠብቃ! «ምነው፣ በሽተኛ ነሽ?» አለቻት። ለእናቴ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። እህቴ ግን ጓዳ ገብታ ከውስጥ ቀረቀረች።

አንደኛው ቀን በለቅሶ አለፈ። በሁለተኛው እናቴ ምግብ በመስኮት እያቀበለች «ጉርሻ እንኳ በእጄ ላጉርስሽ» ብላ ስትለምን ዋለች። በሦስተኛው «ልጄ ለብቻዋ እንዳይከፋት» ተብሎ ረከቦቱ ከመስኮቱ ሥር ተዘረጋ፤ ቄጠማው ተጎዘጎዘ፣ ዕጣኑ ጨሰ። እህቴ ከውስጥ ሆና በመስታወቱ ታየናለች፤ እኛ በውጭ በኩል ተፋፍገን «አብሽሪ» እንላታለን። በአምስተኛው ቀን ጎረቤት እንኳን ደህና መጣችላችሁ ሊል መጣ፤ በሰባተኛው ከሐይቅና ከመርሳ ዘመድ ተጭኖ መጣ። አንዳንዱ በዚያው አደረ። እኔ ስለ ርቀት መጠበቅ አንድ ሁለት ቃል ለመናገር ሞክሬ ነበር፤ ቦታ ስላልነበረ በአክስቴና በበሩ መሀል ተጣብቄ ነው የተናገርኩት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማሳል ተጀመረ። መጀመሪያ የመርሳው አጎቴ፣ ቀጥሎ ጎረቤቶቹ፣ ቀጥሎ እናቴ። አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ጓዳው በአገጯ እያመለከተች «ያው ከመጣችበት ይዛው ነው እንጂ» አለች። አክስቴ ከኛ ጋር የምትዛመደው በባሏ በኩል ነው።

ከእህቴ ናሙና ተወሰደ። ነፃ ናት ተባለ። በአሥራ አምስተኛው ቀን መቀርቀሪያዋን ከፈተች፤ ማስኳን እንዳደረገች ደፉ ላይ ቆመች፤ በጢስ የታፈነውን፣ በሰው የጠበበውን፣ የሚያስለውን ሳሎን ዳር እስከ ዳር አየችው።

«እናንተስ» አለች፣ «መቼ ነው የምትገቡት?»

«እኛማ የት ሄድንና ልጄ» አለች እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ እያሳለች፣ «ነይ ይልቅ ቶናው ሳይቀዘቅዝ።»