ለሐዋሳ የክትባት ሊቃውንት የቀረበ ውዳሴ

ሐኪም ለመሆን ከስድስት ዓመት ያላነሰ መማር ያስፈልጋል ብለው የሚያምኑ ሰዎች ዛሬም በሐዋሳ መኖራቸው እጅግ ያሳዝናል። በየሰፈራችን በሚፈላው ቡና ዙሪያ ይኸው ትምህርት ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠናቀቃል፤ ምሩቃኑም ስኒው ሳይታጠብ የጎረቤትን ልጅ ከክትባት ማስቀረት ይጀምራሉ። ይህን ያህል ሊቅ በነጻ እያፈራን እስካሁን የሚያመሰግነን አለመገኘቱ ቅር ስላሰኘኝ፣ ተግባሩን እኔው ልወጣው ተነሣሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊደነቅ የሚገባው የወላጆቻችን ጥንቃቄ ነው። ዘጠኝ ወር የሞላውን ልጁን ለኩፍኝ ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ይዞ የመጣ አባት እንደ መርማሪ ፖሊስ ይጠይቃል፦ «ሲስተር፣ ይሄ ከየት አገር ነው የመጣው? ውስጡስ ምንድን ነው ያለው? ደግሞ ለምንድን ነው በነጻ የምትሰጡን?» ሲስተር በብልቃጡ ውስጥ ያለው የተዳከመ የኩፍኝ ቫይረስ መሆኑን፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ተጠብቆ እንደደረሰ፣ ልጁ 15 ወር ሲሞላውም ሁለተኛውን እንደሚወስድ ብታስረዳው አይረካም፤ ማስረጃ ይፈልጋል። ማስረጃውም ወዲያው በቴሌግራም ይደርሰዋል፤ ክትባትን የምታወግዝ የአንዲት ሴት የድምፅ መልእክት ነው። ተናጋሪዋ ስሟን አልነገረችም፤ የምትኖርበትን አገርም አልገለጸችም፤ መልእክቱ ከስንት ሰው እጅ ዞሮ እንደመጣ አይታወቅም፤ ይሁን እንጂ ድምፅዋ የእናት ድምፅ ስለሆነ ሌላ ማጣራት አላስፈለገም። ይኸው ጠንቃቃ አባት በማግስቱ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወርዶ ጥሬውን ዓሣ በዳጣ እያጣቀሰ ሲበላ፣ ዓሣው መቼ እንደተጠመደና በስንት ዲግሪ እንደቆየ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ጥያቄው በጤና ጣቢያው አልቆበት ይሆናል።

ለውጭ አገር ሊቃውንት ያለን ታማኝነትም የሚያስቀና ነው። አንድሩ ዌክፊልድ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998፣ 12 ሕፃናትን ብቻ ያካተተ ጽሑፍ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳትሞ፣ ኩፍኝን ጨምሮ ለሦስት በሽታዎች በአንድነት የሚሰጠው ክትባት ኦቲዝም ከተባለው የልጆች የአእምሮ እድገት እክል ጋር ግንኙነት ሊኖረው ይችላል የሚል ስጋት ዘራ። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው፤ የአገሩ የሐኪሞች ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ከመዝገቡ ፋቀው። ያሳተመው መጽሔት ሲክደው፣ አብረውት ከጻፉት አብዛኞቹ ሲያፈገፍጉ፣ ሳይከዱት የቀሩት ስሙን እንኳን ሰምተው የማያውቁት የእኛ ሰፈር እናቶች ናቸው። «ክትባት ልጁን አፉን ይይዘዋል አሉ» ይላሉ። ማን እንዳለ ሲጠየቁ «ሐኪሞች ናቸው አሉ» የሚል መልስ ይሰጣሉ፤ በሐኪም አናምንም ያለው ማን ነው?

የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ሊቃውንቱ «መካን ያደርጋል» ብለው ወሰኑ። ለዚህ ውሳኔ በረካውን መጠበቅ እንኳን አላስፈለገም።

በዚሁ ቡና ላይ ፊታቸው በፈንጣጣ የተበሳሳ አንዲት አያት ከጥግ ይቀመጣሉ። ፈንጣጣ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1968 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያጠፋውም የቤት ለቤት ፍለጋና ክትባት ነበር። እርሳቸው በሽታውንም ከታቢዎቹንም በዓይናቸው አይተዋል። ሊቃውንቱ ግን ስልካቸውን አጎንብሰው ሲያዳምጡ፣ ከአያቲቱ የሚፈልጉት ፈንዲሻውን እንዲያቀብሏቸው ብቻ ነው።

ለእውነት ሲባል ግን ሊቃውንቱ ጤና ጣቢያው የሌለው አንድ ሀብት እንዳላቸው ሳልመሰክር ማለፍ አልችልም፤ እርሱም ጊዜ ነው። ሲስተር ከፊቷ ረጅም ሰልፍ ተደርድሮ፣ ካርዱን ሞልታ፣ ወግታ «ቀጣይ!» ትላለች፤ በስድስተኛው ሳምንት የሚሰጠው አምስት በአንድ፣ ማለትም ከዘጊ አናዳ፣ ከትክትክ፣ ከመንጋጋ ቆልፍ፣ ከጉበት በሽታና ከማጅራት ገትር አንዱን ዓይነት የሚከላከለው መርፌ፣ አንድ ሁለት ቀን ሊያተኩስና የተወጋውን ቦታ ሊያሳብጥ እንደሚችል ለመንገር ፋታ አታገኝም። ልጁ ሌሊት ሲያተኩስ እናቲቱ ትደነግጣለች። ያን ጊዜ በሯን አንኳኩታ፣ አጠገቧ ተቀምጣ፣ እጇን ይዛ እስከ ንጋት የምታጽናናት ጎረቤቷ ናት፤ «እኔ ነግሬሽ ነበር» የምትለውም እርሷው ናት። የተሳሳተውን በፍቅር የሚያስረዳ ሰው እያለ ትክክለኛውን በጥድፊያ የሚናገር ማን ይሰማል?

ሊቃውንቱ ክብራቸው የሚገለጠው ግን ኩፍኙ ራሱ ሲመጣ ነው። የልጁ ዓይን ቀልቶ፣ ሳሉ በርትቶ፣ ሽፍታው ከፊቱ ወደ ደረቱ ሲወርድ መጀመሪያ ዳማከሴ ይታሻል። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ቡናውም ቴሌግራሙም ተረስተው፣ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ባጃጅ ተጭኖ ወደዚያው ወደማያምነው ሐኪም ይከንፋል። ሐኪሙ ሳንባውን አዳምጦ፣ ዓይኑን አይቶ፣ ቫይታሚን ኤ አዝዞ፣ ፈሳሽ በብዛት እንዲሰጡት ይመክርና ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት እንደሌለ ይነግራቸዋል። በክትባቱ ቀን መርፌውን ፈርቶ ልጁን ይዞ የተመለሰው አባት ይህን ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጣል፦ «ዶክተር፣ ይህን ያህል ወረፋ ጠብቀን አንድ መርፌ እንኳን አይወጋም?»