ከኮሮና በኋላ እግር መክዳት ሁሌ «ድካም» አይደለም

«ኮሮና ወይም ኢንፍሉዌንዛ ይዞት የዳነ ሰው እግሩ ቢከዳው ድካም ነው፤ ሾርባ ጠጥቶ ይተኛ» የሚል አስተያየት ሐዋሳ ልጆች ዘንድ ሲደጋገም አየሁ። በቅን ልብ እንደተባለ ይገባኛል። ግን ይታረም።

አብዛኛው ሰው እውነትም ደክሞት ነው። አልፎ አልፎ ግን ቫይረሱን ለመከላከል የተነሳው የሰውነት ኃይል የራሱን ነርቮች ያጠቃል። ጊላን ባሬ ሲንድረም ይባላል፤ ሐኪሞች ከ1916 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያውቁታል። የሚያዘናጋው፣ ትኩሳቱ ከበረደ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ መምጣቱ ነው። ብዙ ጊዜ የእግር ጣት ይደነዝዛል፣ ጉንዳን የሚሄድበት ያህል ውርር ይላል። ከዚያ ሁለቱም እግሮች ይዝላሉ፤ ድክመቱም ወደ ላይ ይወጣል።

የደከመ ሰው እያማረረም ቢሆን ከወንበር ይነሳል። ይሄኛው ግን እጁን ሳይደገፍ መነሳት፣ በተረከዙ መራመድ ያቅተዋል፤ ከቀን ወደ ቀንም ይብስበታል። ሐኪም ጉልበቱን በትንሿ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግሩ እንደ ወትሮው አይፈናጠርም።

ድክመቱ የመተንፈሻ ጡንቻ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ሕክምናውም በደንብ የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው። እንዲህ የሆነ ሰው ካያችሁ ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ ሪፈራል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።