«አጥብቀው!»

አዲስ አበባ ውስጥ ብቸኝነት ያስቸገረው ሰው ካለ መድኃኒቱ ቀላል ነው። እሑድ ጠዋት መኪናውን ደጃፉ ላይ አቁሞ፣ ካርቶን አንጥፎ፣ ከሥሯ ይግባ። አንድ ቡሎን ሳይፈታ ሰው ይሰበሰብለታል።

ከመኪና ሥር ሆኖ የሚታየው ጫማ ብቻ ነው። ግን ይበቃል። ሸበጡ የኪዮስኩ ልጅ ነው። የተወለወለው ጥቁር ቆዳ ከቅዳሴ የተመለሱት ጋሼ ናቸው፤ የድሮ የአሰብ መንገድ ሾፌር። ነጩ ስኒከር ደግሞ መኪና ኖሮት የማያውቅ፣ ስለ መኪና ግን የማያውቀው ነገር የሌለ ጎረቤት ነው።

«ምን ሆና ነው?»

«ማርሚታዋ ናት፤ ጭስ ማውጫዋ። መጋጠሚያው ላይ ጭስ ታፈሳለች።»

«አጥብቀው!»

ይህን ሦስቱም እኩል ነው የሚሉት። የኛ ሰፈር ለማንኛውም ነገር መጀመሪያ የሚያዘው ማጥበቅ ነው። ልጅ ካመሸ ያዝ አድርገው፣ ሠራተኛ ከለገመ ጠበቅ አድርጋት፣ ማርሚታ ካፈሰሰ አጥብቀው። እንዲላላ የተሠራ ነገር ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር የለም።

የማርሚታ መጋጠሚያ ግን እንዲህ ያለ ነገር ነው። ብዙ ቶዮታ ላይ የፊተኛው መጋጠሚያ የሚያዘው በሁለት ቡሎንና በሁለት ሞላ ነው። መሃል ላይ ቦንቦሊኖ የመሰለች፣ ጭስ እንዳያፈስ ክፍተቱን የምትደፍን ጓርኒሲዮን አለች። ሞላው ለጌጥ አልተቀመጠም። ሞተር ሲነሳ ይወዛወዛል፣ ቱቦ ሲግል ይለጠጣል፤ ስለዚህ መጋጠሚያው ትንሽ እንዲላወስ ተፈቅዶለታል። ያለ መጠን ካጠበቁት የዛገው ቡሎን ቀጭ ይልና ግማሹ እዚያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ወሬው የማርሚታ ሳይሆን የብየዳ ቤት ነው።

ጋሼ ግን ይህን አይሰሙም። «እኔ በትሬንታ ኳትሮ፣ በዚያ በጣሊያኑ የጭነት መኪና፣ ማርሚታውን በላሜራና በሽቦ አስሬ ነው ደሴ የገባሁት» ይላሉ። ገብተው ይሆናል። እንዴት እየጮኸች እንደገባች ግን የደሴ ሰው ነው የሚያውቀው።

ሥራው ራሱ እኮ ከባድ አይደለም። መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ትቀዝቅዝ። ቡሎኑ ላይ ከዋዜማው ጀምሮ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይረጭ። ሲፈታ የሁለቱ ቱቦዎች አፍ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ይፈተግ። አሮጌዋ ጓርኒሲዮን ትጣል። እዚህ ላይ ግን ለአዲስ ጓርኒሲዮን የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ መውረድ ግድ ነው። እዚያ ደግሞ ሻጩ በኩራት «ኦሪጅናል አለኝ» ብሎ ከሌላ መኪና የተፈታች፣ አንዴ የተጨፈለቀች ጓርኒሲዮን ያወጣል። ኦሪጅናልነቷን ማን ካደ? ግን ዕቃዋ አንዴ ተጨፍልቃ የምትገጥም ናት። ያገለገለች ኦሪጅናል ከማምጣት አዲስ የቻይና ይሻላል።

ዋናው ብልሃት ያለው ሲመለስ ነው። ሁሉም ቡሎን መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይያዛል። ማንጠልጠያ ጎማዎቹ ቦታቸው ይገባሉ። ቱቦው ሻንሲውን እንደማይነካ፣ ወደ አንድ ጎን እንዳላዘነበለ ይታያል። ከዚያ ከሞተሩ በኩል ተጀምሮ ወደ ኋላ፣ ሁለቱ ቡሎኖች እየተፈራረቁ፣ በትንሽ በትንሹ ይጠብቃሉ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው የሄደ ሰው መጋጠሚያውን አጣሞ ነው የሚነሳው።

ችግሩ በዚህ «ላላ ይሁን» በሚባልበት ሰዓት ስኒከሩ ጎንበስ ማለቱ ነው። «ውይ፣ ይሄ እኮ ይወዛወዛል! አጥብቀው እንጂ!» ይሉኝታ የያዘው የመኪናዋ ባለቤት ቁልፉን ያነሳል። ከላይ ሦስት ሰው እያየ ቡሎን ላላ አድርጎ መተው ቀልድ አይደለም።

ሲልከን የሚል ሰውም አይጠፋም። «ቀባ ቀባ አድርግበት፣ ያልቃል።» የመታጠቢያ ቤት ሲልከን የሞተር አጠገብ ሙቀት አይችልም፤ ተቃጥሎ ሰፈሩን አሽትቶ ይሄዳል። ለማርሚታ ተብሎ የተሠራ ማጣበቂያ ሌላ ዕቃ ነው። ደግሞ እሱም ቢሆን ጓርኒሲዮን አይተካም።

አንድ ምክር ግን ያስቆጣኛል፤ «ክሪኩ ይበቃል» የምትለው። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ ተሸክሞ ለማቆየት አልተሠራም። ጎማው በድንጋይ ተወትፎ፣ ከሥር የብረት መደገፊያ ስታንድ ገብቶ ነው ሰው የሚገባው። «ይበቃል» የሚለው ሰውዬ ከመኪናዋ ሥር የሚታየው ጫማው ብቻ መሆኑን ልብ በሉ።

ጭሱም ቀልድ አያውቅም። ከሰል ለኩሶ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነሳ መቅረቱን ያልሰማ የለም። ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሞተሩ አጠገብ ያለ መጋጠሚያ ካፈሰሰ መኪና ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለዚህ ነው ሞተሩ ደጅ ላይ፣ በነፋሻ ቦታ ተነስቶ የሚፈተሸው። ሳይግል መጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውኃ ይረጫል፤ አረፋ ከሠራ ገና ነው።

የሰፈሩ ፍተሻ ግን በጆሮ ነው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፣ «አሁን ድምጿ ሰው ሰው ሸተተ» ይላሉ፣ ጉባኤው ያጸድቃል። (በሌላ በኩል ቦሌ መንገድ ላይ በሌሊት እንዲያጓራላቸው ብለው ደህናውን ማርሚታ ከፍለው የሚያስፈቱ ልጆች አሉ። የነሱን መኪና ማንም «አጥብቀው» አይላትም።)

ቡና ሲቀርብ «ሠራናት» ይባላል። ስኒከሩ እጁን ሊታጠብ ይነሳል። ምን ነክቶ እንደቆሸሸ አልገባኝም።

ይህ ጉባኤ ግን ዕድሜው እያጠረ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ደግሞ ማርሚታ የሚባል ነገር የለውም። ለአየሩ እሰየው ነው፤ ለእሑዳችን ግን ከባድ ምት ነው።

በቅርቡ ከአጥራችን ማዶ ያለው ወጣት አንዷን ገዝቶ መጣ። ጋሼ ዞሯት። ጎማዋን በጫማቸው ነካ ነካ አደረጉ። ከኋላዋ ጎንበስ አሉና ቀና አሉ። መነጽራቸውን አድርገው እንደገና ጎንበስ አሉ። ከዚያ የልጁን ትከሻ ያዙ።

«ልጄ፣ አትደንግጥ» አሉት። «ማርሚታዋን ፈተው ወስደውብሃል።»