ይድረስ ለክቡር አዙሪት
ባሉበት፣ ከሹል አካላት ጀርባ

ጉዳዩ፦ ያለ ደብዳቤ ወደ ግራ መግፋትን ይመለከታል

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከትናንት ወዲህ ደህና አይደለሁም።

ሞዴል ላይ ነፋስ እየነዱ የሚፈትሹበት የነፋስ ዋሻ ወረፋ እንዴት እንደሚገኝ መቼም የታወቀ ነው። ፎርም ይሞላል። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሲመለሱ ፎርሙ ተቀይሯል። ይህን ሁሉ አልፌ ትናንት ገምጋሚዎቼ ፊት ቆምኩ። ሞዴሌ አፍንጫው ሹል የሆነ ቀጭን ዘንግ ነው፤ ቶርኖ ቤት የተሠራ፣ ግራና ቀኙ እኩል። አፍንጫው ከነፋሱ ወደ ላይ የሚቀናበት አንግል ትንሽ ሳለ ጨዋ ነበሩ፤ ነፋሱ ገላውን ተከትሎ አለፈ። አፍንጫውን ቀና ሳደርገው ነፋሱ ከሁለቱም ጎን ተላቀቀና መንታ አዙሪት ሆኑ። ጭሱ ሲለቀቅ ቁልጭ ብለው ታዩ። ገምጋሚዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

40 ዲግሪ ላይ ስደርስ አንደኛው መንታ ወደ ላይ ሸሸ፤ ሌላው ገላው አጠገብ ተወሽቆ ቀረ። ነፋሱ የሚመጣው ከፊት ለፊት ነው። ሞዴሉ ግን ወደ ግራ ይገፋል!

«ለምን ወደ ግራ?» ተባልኩ። ሞዴሉን ባለበት ትንሽ አሽከረከርኩት። አሁን ወደ ቀኝ ገፋ። አንዱ ገምጋሚ ሳቀ። ሌላው መነጽሩን አስተካክሎ «ቶርኖ ሠራተኛው አጣሞታል» ብሎ ጻፈ።

እዚህ ላይ አንተ ልበልህ። ጋሼ ያንን አፍንጫ ሲያለሰልስ አምሽቷል። በጣቱ እየዳሰሰ፣ መብራት ላይ እያዟዟረ። አንተ ግን ዓይን የማያየው ጭረት፣ ጫፉ ላይ ያረፈች ብናኝ ትበቃሃለች። በእሷ አሳበህ ጎን ትመርጣለህ። የሰው የዕድሜ ልክ ስም በአንድ መስመር ሲበላሽ አንተ ጭስ ሆነህ ትበተናለህ። ነውር ነው!

ይቅርታ፣ ወደ አንቱታዬ ልመለስ። ትልልቆቹንም እንደማይፈሩ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካኖችና ጀርመኖች ያበረሩት ኤክስ-31 አፍንጫውን ሰማይ ሰቅሎ ሲሄድ ወደ ጎን እየገፉ አስቸግረውታል። የሞተሩን ግፊት እንደፈለገ የሚያዞር አውሮፕላን ነው እኮ! በመጨረሻ አፍንጫው ላይ ግራና ቀኝ ቀጫጭን ጠርዝ ለጠፉበት። የሚላቀቁበትን ቦታ እነሱ ወሰኑልዎት ማለት ነው። እኔም እንደነሱ ልለጥፍ ብዬ ጠየቅሁ። «የሞዴል ለውጥ ሌላ ፎርም አለው» ተባልኩ።

ነፋስ ሲነፍስ የሚያስጮኹትን የአንቴናውን ፉጨትና የመብራት ሽቦውን እዬዬ ለሌላ ጊዜ ይዤዋለሁ።

ሐሙስ ድጋሚ እቀርባለሁ። እባክዎ ግራ ወይም ቀኝ አንዱን መርጠው በጽሑፍ ያሳውቁን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጋሼ፣ ቶርኖ ቤት
ለብናኟ፣ ባለችበት