ማስተካከያ፦ በወንድ ዘር ውስጥ ስላለው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ

ማይቶኮንድሪያ በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጭ፣ የራሱ ዲኤንኤ (የዘር መረጃ) ያለው ትንሽ ክፍል ነው። ባለፈው ጽሑፌ «የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ በበዛ ቁጥር የወንድ ዘር ይበረታል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ነገሩ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። የወንድ ዘር ሕዋስ እየበሰለ ሲሄድ ይህን ዲኤንኤ ያራግፋል። ጤነኛው ላይ የሚቀረው በጣም ጥቂት ነው። የዚህ ዲኤንኤ ቅጂ በዝቶ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ባነሰ ወይም መዋኘት ባቃተው ዘር ላይ ነው። ይህ ግን ምልክት እንጂ ብቻውን መካንነትን የሚያረጋግጥ ምርመራ አይደለም። እዚህ ላይ ማንም እንዲደነግጥ አልፈልግም።

ማይቶኮንድሪያው ራሱ ግን ያስፈልጋል። ከጭንቅላቱ ቀጥሎ፣ ከጭራው መነሻ ላይ እንደ መቀነት ተጠምጥሞ ጉልበት ይሰጣል። ጭራውም ከስኳር ኃይል ያመነጫል፤ ይህን ዘልዬው ነበር።

የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ «ከአባት ይወረሳል» ያልኩትም ስህተት ነው። እንቁላሉ ውስጥ የገባው የአባት ማይቶኮንድሪያ ይጠፋል። በዚህ ዲኤንኤ ላይ ያሉትን 37 ጂኖች ልጅ የሚወርሰው ከእናቱ ነው።