የገበሬው ኪስ ባዶ ከሆነ ፋብሪካው ለማን ይሸጣል?

ባለፈው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወርድ ከጎኔ አንድ ወጣት ተቀምጦ ነበር። የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሰን ኮምቦልቻ ስንገባ ወሬው ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ዞረ። «ጋሼ፣ በሞፈር ያደገ አገር ያውቃሉ? ፋብሪካ ነው እንጂ!» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው መውረጃዬ ደረሰ። እነሆ መልሴ።

ግማሹ እውነት ነው። ግብርናችን ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ሲሶ ያህሉን ነው የሚያወጣው፤ ከሠራተኛው ግን አብዛኛውን ይዞ ቁጭ ብሏል። አገር ሲያድግ ሰው ከእርሻ እየወጣ ወደ ሌላ ሥራ ይገባል፤ ይሄ አያከራክርም። ግን እንዴት ነው የሚወጣው? ኪሱ ሞልቶ ወይስ ተሰዶ? በጅቡቲ በኩል ባሕር አቋርጠው ሳዑዲ የሚገቡት የወሎ ልጆችም ከእርሻ ወጥተዋል። ያንን እድገት የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

ወሎ በዓለም የኢኮኖሚክስ ትምህርት ውስጥ ስሟ የሚነሳው በክፉ ነገር ነው። ህንዳዊው የኖቤል ተሸላሚ አማርትያ ሴን የ1965 እና 66ን ረሃብ ሲያጠና አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አየ። ሰው እየረገፈ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ የወጣ እህል ነበር። ገበሬው አዝመራው ሲጠፋበት መብሉም መግዣውም አብሮ ጠፋ። ብር የሌለውን ሰው ደግሞ ገበያ አያየውም።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ቆቦ ያለው አጎቴ ጥር ላይ ማሽላውን በተገኘው ዋጋ ይሸጣል። የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ የልጆች ወጪ አለበት። ሁሉም ጎረቤቱ በዚያው ሰሞን ስለሚሸጥ ዋጋው ይወድቃል። ሐምሌ ላይ ያንኑ ማሽላ ከነጋዴ በውድ ይገዛል። «ለምን አታስቀምጠውም?» ብዬው ነበር። «ዕዳውን አንተ ልትከፍልልኝ ነው? የተረፈውንስ ነቀዙ መች ተወልኝ!» አለኝ። ዝም አልኩ።

ወደ ፓርኩ ልመለስ። በ2009 ሲመረቅ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁንም አልጠላውም። ግን የዚህ ዓይነት ፓርኮች ልብስ የሚሰፉት ባብዛኛው ከውጭ በመጣ ጨርቅ ነው፤ የሚሸጡትም ለውጭ ገበያ ነው። በ2014 ጦርነቱ መጣ። በዚያው ዓመት አሜሪካ አጎዋ የሚባለውን፣ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ ገበያዋ የሚገባበትን ዕድል ነሳችን። ገዢህ ባሕር ማዶ ብቻ ሲሆን እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ የተቋቋመው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግን አንሶላና ፎጣውን ለአገር ሰውም ይሸጣል። ያገር ሰው ማለት ደግሞ ባብዛኛው ገበሬ ነው።

ገበሬው ዝናብ ብቻ የሚጠብቅ አድርገው የሚያወሩም አሉ። ኮምቦልቻ አጠገብ ያለውን የቃሉ ወረዳ ቆላ ሂዱና ማሳው ላይ ያለውን ማሾ እዩ። እዚህ አገር ለወጥ ብዙም የማይታወቅ ጥራጥሬ ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ወደ ውጭ ይላካል፣ በምርት ገበያም ይገበያያል። ገበሬው ዋጋ እንዳለው ሲያይ ዘራው። ማንም ዓውደ ጥናት ጠርቶ መለመን አላስፈለገውም።

እኔ የምለው ቀላል ነው። የማዳበሪያ ዕዳው መክፈያ ከጥር ወደ ሰኔ ይገፋ። ነቀዝ የማያስገባው ከረጢት ገጠር ድረስ ይውረድ። እህሉን መጋዘን ያስገባ ገበሬ በዚያ ዋስትና ብድር ያግኝ። ግድብ አልጠየቅኩም። መስኖ ሲመጣም እሰየው ነው።

አጎቴን ሰኔ ላይ ቢሸጥ በትርፉ ምን እንደሚያደርግ ጠየቅኩት። ብዙም አላሰበም። «ቆርቆሮውን እቀይረዋለሁ፣ ያፈሳል። ለልጆቹ አንሶላ እገዛለሁ።» ቆርቆሮውም አንሶላውም ኮምቦልቻ ይሠራል።