አንቱ የተባለው ወለል

ድሬዳዋ ውስጥ ሰውን «አንቱ» ማለት የተናጋሪውን እንግድነት ከማጋለጥ ያለፈ ጥቅም የለውም። ጎረምሳው ሽማግሌውን «አንተ» ቢለው የሚቆጣ የለም፤ ይልቁንም «አንቱ» የተባለው ሽማግሌ ምን አጥፍቼ ነው ብሎ ይደነግጣል። በከዚራ በምንኖርበት ቤት ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ ማዕረጉ እንዳይጓደልበት ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠነቀቅለት አንድ ጌታ ገብቷል። እርሱም የሳሎናችን የጣውላ ወለል ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅ ሳለሁ ክረምቱን አዲስ አበባ አጎቴ ቤት አሳልፍ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወለሉ ሰም ይቀባና እኛ ልጆች አሮጌ የብርድ ልብስ ቁራጭ ረግጠን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እየተንሸራተትን መልካችን እስኪታይበት ድረስ እናሸዋለን። ያ ሁሉ ሳቅ የጉልበት ሥራ እንደነበረ የገባኝ እኔም በተራዬ ወለል ካነጠፍሁ በኋላ ነው።

አናጢው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ጣውላው ከመመታቱ በፊት የቤቱን አየር ይልመድ ብሎ ሳሎኑ ውስጥ አስከመረውና እኛ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጓዳ ውስጥ እየተጋፋን ስንበላ ሰነበትን፤ እኔ እንኳ አማቶቼ ቤት በገባሁ ጊዜ እስክለምድ ድረስ ይህን ያህል ቀን የታገሠኝ አልነበረም። እንጨት ተቆርጦም፣ ተልጎም፣ ተቸንክሮም ቢሆን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህም የሚብሰው በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው። ስለዚህ አናጢው በግድግዳው ዙሪያ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ትቶ በዞኮሎ፣ ማለትም የግድግዳውን ግርጌ በሚከብበው ጠርዝ፣ ሸፈነው። በእኛ ቤት ማንም ሳይቆጣው እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስበት ቦታ የተሰጠው ለወለሉ ብቻ ነው።

ችግሩ ያለው ከተማዋና ወለሉ በውሃ ጉዳይ አለመስማማታቸው ላይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ድሬዳዋ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጋገር የዋለ የሲሚንቶ ወለል ማታ አንድ ባልዲ ውሃ ሲደፋበት እፎይ የሚለው ቤቱም ባለቤቱም ነው። ጣውላ ግን የተደፋበትን ውሃ በመገጣጠሚያው እየጠጣ ጠርዝ ጠርዙ ይነሣና ሳሎኑ የታረሰ ማሳ ይመስላል። ለእርሱ የተፈቀደው በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ነው። በረኪና አይነካውም። ቫርኒሽ ስለተቀባም እንደ አጎቴ ቤት ሰም ልቀባህ ቢሉት ማዲያት እንደያዘው ፊት ይዥጎረጎራል። ከሁሉ የከፋው ጠላቱ ግን አሸዋ ነው፤ ከደቻቱ ወንዝ ወገን የሚመጣው ነፋስ በመስኮት የሚያስገባው ደቃቅ አሸዋ በእግር ሲረገጥ ከብርጭቆ ወረቀት አይለይም። ስለዚህ ጠዋትና ማታ በለስላሳ መጥረጊያ ይጠረጋል፣ ወንበሮቹም እንደ ሙሽራ ጨርቅ ጫማ ተደርጎላቸዋል።

የድሬ ሰው ጫማውን ደጃፍ ላይ ስለሚያወልቅ ወለሌ ከታኮ የተረፈ መስሎኝ ነበር። ለካስ እግሩን ታጥቦ የሚመጣ እንግዳም አለ። ንጹሕና እርጥብ እግሩን በጣውላው ላይ ሲያሳርፍ ባለቤቴ ፎጣ ይዛ ከኋላው ትከተለዋለች፤ እንግዳውም በአክብሮት ብዛት ተነክቶ ይመርቃታል። ከሰዓት በኋላ በርጫ ሲሆን ደግሞ ፍራሹ፣ ገረባው፣ ላብ ያወረዛው የለስላሳ ጠርሙስ ሁሉ ወለሉ ላይ ነው። ወሬው በሞቀ መጠን የእኔ ዓይን ጠርሙስ ለጠርሙስ ይዞራል። በሐረር ባህላዊ ቤት ነደባ የሚባሉት መደቦች ሰውን እንደ ማዕረጉ ያስቀምጡታል፤ እኔ ቤት የክብሩን ቦታ የሚያገኘው መጠጡን የማያፈስ ሰው ነው።

ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘውን ቄጤማ ውሃ እያንጠባጠበ መሆኑን አይቼ በፕላስቲክ ይሁን ባልሁ ቀን ጎረቤታችን፣ ዕድሜዋ እናቴን የሚያክል ሴት፣ ትክ ብላ አየችኝ። «አንተ፣ ቡናው የሚፈላው ለሰው ነው ወይስ ለወለልህ?» አለች። መልስ ሳላገኝ ከምድጃው አንድ ፍም ተፈናጥሮ ጣውላው ላይ አረፈ። ሰው ቢቃጠል የማልሮጠውን ሩጫ ስሮጥ እርስዋ ቀድማኝ በጣቶችዋ አንሥታ ወደ ምድጃው መለሰችው።

«አብሽር» አለችኝ ጣቷን እየነፋች፤ «እንጨት አይደል? ዱሮስ ለእሳት አይደል የተፈጠረው?»

አናጢውን ጠራሁት። ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በዕድሜው ጥቂት ጊዜ ተፍቆ እንደ አዲስ ሊቀባ እንደሚችል፣ ነገር ግን ያችን ጥቁር ክብ ብቻ ነጥሎ መፋቅ ቦታውን ቋቁቻ እንደሚያስመስለው፣ ስለዚህ ሳሎኑ በሙሉ መፋቅ እንዳለበት ነገረኝ። ዋጋውን ሲጨምርበት ዝም አልሁ፤ ባለቤቴም ዝም አለች።

በማግስቱ ቡና ሲደርስ ባለቤቴ ምድጃውን አምጥታ ልክ በክቧ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቻችን ሲመጡ ምድጃው የት ይሁን ብሎ የሚጠይቀኝ የለም፤ ምንጣፉን ገለጥ አድርገው ክቧን ይፈልጋሉ።